ባለ አንድ ማርሽ ግራቭል ብስክሌት በሜሪላንድ ጫካ፦ ከ14 ወራት አገልግሎት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ብስክሌቱን የገዛሁት ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ ያገለገሉ ብስክሌቶችን ከሚሸጥ አንድ ሱቅ፣ በ580 ዶላር ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ባሉ የጫካ መንገዶችና የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ በሚሄደው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳርቻ 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼዋለሁ። ለውድድር አልገዛሁትም፤ ወደ ሥራም አልሄድበትም። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያህል በዛፍ ጥላ ሥር ለመንዳትና ለመደሰት ብቻ የያዝሁት ብስክሌት ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምሰጠው ፍርድም በዚሁ አገልግሎት ልክ እንዲነበብልኝ እጠይቃለሁ።

ግራቭል የሚባለውን የብስክሌት ዓይነት ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። መልኩ የአስፋልት ውድድር ብስክሌት ይመስላል፤ መሪው ወደ ታች የተቆለመመ ነው። ጎማው ግን ሰፋ ያለና ጠጠርና አፈር የሚቧጥጥ ጥርስ ያለው ነው፤ የተራራ ብስክሌት ያለው ዓይነት ስፕሪንግ የለውም። አብዛኞቹ ግራቭል ብስክሌቶች ከኋላ 11 ወይም 12 ማርሽ ሲኖራቸው የእኔ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ከፔዳሉ ጋር የተያያዘ አንድ የፊት ጥርስ (ዙሪያውን ጥርስ ያወጣ ክብ ብረት)፣ ከኋላው ጎማ ጋር የተያያዘ አንድ የኋላ ጥርስ፣ በመካከላቸው አንድ ካቴና። ባሕር ዳር በልጅነታችን በደቂቃ ሒሳብ እየተከራየን የነዳናቸው ብስክሌቶች ሁሉ እንዲህ ስለነበሩ ለእኔ አሠራሩ እንግዳ አልነበረም፤ እንግዳ የሆነብኝ አገሩ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ የሜሪላንድ ጫካ ግን ከፍ ዝቅ ይበዛዋል።

የኩባንያውን ስም አልጠቅስም፤ ሞዴሉ ከገበያ የወጣ ሲሆን ተመሳሳዩን በአሜሪካም በአውሮፓም የሚሠሩ ጥቂት ኩባንያዎች ስላሉ፣ የምለው ነገር በአብዛኛው ለሁሉም ይሠራል። ፍሬሙ 4130 ከሚባለው የክሮሞሊ ብረት የተሠራ ነው፤ ብስክሌቱ በእኔ ሚዛን 10.6 ኪሎ ይመዝናል፤ እስከ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ያስገባል፤ ፍሬኑ በሽቦ የሚሳብ የዲስክ ፍሬን ነው። የኋላው ጎማ የሚገባበት የፍሬሙ አፍ አግድም የተቀደደ ነው፤ ማርሽ የሚቀይር ብስክሌት የካቴናውን ልልነት የሚወስድ ስፕሪንግ ያለው ክንድ ሲኖረው፣ የእኔ ዓይነቱ ግን ካቴናው የሚወጠረው ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ ብቻ ነው። ይህች ቀዳዳ ኋላ እንደምገልጸው ብዙ አስተምራኛለች።

በእኔ እምነት የዚህ ዓይነት ብስክሌት ደግነትም ክፋትም ከሞላ ጎደል የሚወሰነው በሁለት ቁጥሮች ነው፦ በፊት ጥርሱና በኋላ ጥርሱ ብዛት። ስገዛው ከፊት 42፣ ከኋላ 17 ጥርስ ነበረው። አርባ ሚሊ ሜትር ጎማ የለበሰው ቸርኬ አንድ ዙር ሲዞር 2.2 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 42 ለ17 ሲካፈል 2.47 ይመጣል፤ ስለዚህ ፔዳሉን አንድ ዙር በረገጥሁ ቁጥር ብስክሌቱ 5.4 ሜትር ይራመዳል ማለት ነው። በአስፋልትና በሜዳ ይህ ደስ የሚል ቁጥር ነው። በጫካ ውስጥ ግን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ያሳለፍሁት አቀበት በመጣ ቁጥር እየወረድሁና ብስክሌቱን እየገፋሁ ነበር፤ ጉልበቴ ማታ ማታ ይጠዘጥዘኝ ጀመር፤ እውነቱን ለመናገር ብስክሌቱን መልሼ ለመሸጥ ማስታወቂያ እስከ መጻፍ ደርሼ ነበር።

ያዳነው ነገር ቀላል ስሌት ነው። የፊቱን ወደ 38፣ የኋላውን ወደ 18 ለወጥሁ። ይህ 2.11 ይሆናል፤ በአንድ የፔዳል ዙር 4.65 ሜትር ያስኬዳል። ከቀድሞው ጋር ያለው ልዩነት 80 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እግር የሚሰማው ግን እንደ ሌላ ብስክሌት ነው። ገፍቼ እወጣው የነበረውን አቀበት ከመቀመጫው ተነሥቼ፣ ክብደቴን በፔዳሉ ላይ ጥዬ መውጣት ቻልሁ። ደስ ስላለኝ ጭራሽ ለማቅለል ከኋላ 20 ጥርስ ሞከርሁ፤ አቀበቱ ይበልጥ ቀለለ፣ በሜዳው ላይ ግን እግሬ በከንቱ እየተሽከረከረ ከመንገዱ ጋር ተለያየ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ 18 ተመለስሁ። ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት ወጪ አዲሱን ካቴና ጨምሮ 95 ዶላር ነው። ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ገዝቶ የጠላ ሰው ሁሉ፣ ከመሸጡ በፊት ይህን 95 ዶላር ቢያወጣ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል ብዬ አምናለሁ። ሠሪዎቹ 42 በ17ን የሚመርጡት ብስክሌቱ ከሱቁ ደጃፍ ባለው አስፋልት ላይ ሲሞከር ፈጣን ሆኖ እንዲሰማ ይመስለኛል፤ ለጫካ ብሎ የሚገዛ ሰው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የፊቱ ጥርስ ብዛት ለኋላው ሲካፈል ከ2.1 ገደማ ያልበለጠ እንዲገጠምለት ይጠይቅ።

ይህ ቁጥር ከሁሉ በላይ የተስማማው ከቦዩ ዳር መንገድ ጋር ነው። የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ቁፋሮው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1828፣ በምዕራብ ሜሪላንድ እስካለችው ከምበርላንድ ከተማ ድረስ የተጠናቀቀው በ1850፣ በጎርፍ ተጎድቶ ሥራ ያቆመው ደግሞ በ1924 ነው፤ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆኗል። ዛሬ ብስክሌት የምንነዳበት መንገድ ጀልባዎቹን በገመድ ይጎትቱ የነበሩ በቅሎዎች ይሄዱበት የነበረው ነው። ከዋሽንግተን ጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲኖረው በጠቅላላው የሚወጣው ከፍታ 184 ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ከፍታ ጀልባ በሚያነሡና በሚያወርዱ 74 የውኃ በሮች የተከፋፈለ ስለሆነ፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። በሮቹ ጋ ሲደረስ ብቻ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል አጭር ዳገት ይመጣል፤ በአንድ እስትንፋስ የሚወጣ ነው። ጭነት ጎታች በቅሎ ቀኑን ሙሉ በአንድ እርምጃ እንድትሄድ ታስቦ የተሠራ መንገድ፣ በአንድ ማርሽ ለሚሄድ ብስክሌት የተሠራ ያህል መሆኑ አያስገርምም። በዚያ መንገድ ለብስክሌት የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 15 ማይል፣ ማለትም 24 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ38 በ18 በደቂቃ 85 ጊዜ ስረግጥ የምሄደው 23.7 ኪሎ ሜትር ነው። ሳላስበው የተገጣጠመ ነገር ቢሆንም፣ የፍጥነት መለኪያ ሳላይ ሕጉን አክብሬ የምነዳው በእግሬ ምት ነው ማለት እችላለሁ።

አብዛኛውን ጊዜ የምነሣው ሴኔካ ከሚባለው ስፍራ፣ ከ24ኛው የውኃ በር ነው። በዚያ ቦዩ ሴኔካ ጅረትን የሚሻገርበት ከቀይ ድንጋይ የተሠራ ድልድይ አለ፤ ከሦስቱ ቅስቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1971 ጎርፍ ፈርሷል። ያው ቀይ ድንጋይ በዋሽንግተን ያለው ስሚዝሶኒያን ካስል የሚባለው የሙዚየም ተቋም ሕንፃ የታነጸበት ነው። ከዚያ ወደ ላይኛው አቅጣጫ ሲኬድ የሰው ብዛት ይቀንሳል፤ በግራ ወንዙ፣ በቀኝ አንዳንድ ቦታ ውኃ የቀረለት፣ አንዳንድ ቦታ ዛፍ የበቀለበት የደረቀ ቦይ አለ። እዚህ ላይ ነው የብስክሌቱ ጸጥታ የሚታወቀኝ። ማርሽ የሚቀይር ብስክሌት ሁልጊዜ የሚንቀጫቀጭ ነገር አያጣም፤ ካቴናው ሲዘል፣ ክንዱ ሲማታ ይሰማል። የእኔ ካቴና በትክክል ከተወጠረ ጎማው ቅጠሉን ከሚያንኮሻኩሸው ድምፅ በስተቀር የሚሰማ ነገር የለም። ባለፈው ጥቅምት አንዲት አጋዘን መንገዱ መካከል ቆማ፣ አሥር እርምጃ እስክቀርባት ድረስ ቀና አላለችም፤ ቀና ስትልም የሮጠችው ወደ ጫካው ሳይሆን በመንገዱ ቀድማኝ ስለነበር ለደቂቃ ያህል ተከታትለን ሄድን።

ሁለተኛው የምነዳበት ቦታ በጀርመንታውን አቅራቢያ፣ በሴኔካ ክሪክ ስቴት ፓርክ ሥር ያለው ሼፈር ፋርምስ ነው። ይህ ቀጭን የጫካ መንገድ በበጎ ፈቃደኛ ብስክሌተኞች ጉልበት የተያዘ፣ በእርሻ ማሳዎችና በዛፎች መካከል የሚጠማዘዝ፣ ዙሮቹም በቀለም የተለዩ ናቸው። ብስክሌቱ የሚፈተነው እዚህ ነው። ሜዳ የለም፤ ትንሽ ቁልቁል፣ ትንሽ ዳገት፣ የዛፍ ሥር፣ ድንጋይ፣ ጅረት፣ እንደገና ዳገት ነው። ማርሽ ያለው ሰው ዳገቱ ሥር ከደረሰ በኋላ አውራ ጣቱን ተጭኖ ሊያቀልለው ይችላል። እኔ ግን ዳገቱን ማሰብ ያለብኝ ገና ቁልቁለቱን ስጀምር ነው፤ ፍሬን በያዝሁ ቁጥር ለዳገቱ ያስቀመጥሁትን ጉልበት ራሴው እያባከንሁ ስለሆነ፣ ኩርባውን ከሩቅ አይቼ፣ ጎማዬ የትኛውን ሥር እንደሚረግጥ መርጬ፣ ፍሬኑን ሳልነካ መግባት አለብኝ። አንድ ጅረት ከተሻገርሁ በኋላ የሚመጣ አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት አለ፤ መካከሉ ላይ የአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር በብዙ ጎማ ተፍቆ እንደ አጥንት ያብረቀርቃል። በደረቅ ቀን ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ወገቤን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ የኋላው ጎማ እንዲነክስ ካደረግሁ አራት ወይም አምስት ከባድ እርግጫ ያወጣኛል፤ ወገቤን ወደ ፊት ካስቀደምሁ ጎማው ሥሩ ላይ ይንሸራተትና እግሬ መሬት ይነካል። ይህን ዳገት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልወርድ የወጣሁት በነሐሴ ወር ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ደርሼ ብስክሌቱን ዛፍ አስደግፌ ሣሩ ላይ የተዘረጋሁበት ቀን እስካሁን ከአእምሮዬ አልጠፋም።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። በገዛሁት በሦስተኛው ሳምንት፣ በዚያው በሼፈር ፋርምስ ዳገት ላይ በሙሉ ክብደቴ ስረግጥ ከኋላዬ ጠጥ የሚል ድምፅ ሰማሁና ብስክሌቱ ቆመ። ወርጄ ሳይ የኋላው ጎማ ተጣሞ የፍሬሙን ግራ ጎን ነክሷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ካቴናው የሚስበው የጎማውን ቀኝ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል ያለው ዳዶ በደንብ ካልጠበቀ በአግድሙ አፍ ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ወደ ሸጠልኝ ሱቅ ወሰድሁት፤ አጠበቁልኝና 25 ዶላር አስከፈሉኝ። ከአራት ቀን በኋላ እዚያው ዳገት ላይ እንደገና ተንሸራተተ። ተመልሼ ስሄድ ሠራተኛው ‹‹ይህ ብስክሌት ለጫካ አይሆንም›› ብሎ አሰናበተኝ። ቅር ያሰኘኝ ገንዘቡ አይደለም፤ መፍትሔው በ18 ዶላር የሚገዛ ዕቃ ሆኖ ሳለ ሳይነግረኝ መቅረቱ ነው። የካቴና መወጠሪያ የምትባል አንዲት ትንሽ ብረት አለች፤ ከጎማው ዘንግ ጋር ታስራ ከፍሬሙ ጫፍ በብሎን ስትሳብ ጎማው ወደ ፊት መሄድ አይችልም። እርሷን በቀኝ በኩል ገጠምሁ፤ ለስላሳዋን ሮንዴላ ፍሬሙን የሚነክስ ጥርስ ባላት ቀየርሁ፤ ዳዶውንም በ15 ቁጥር ቁልፍ በደንብ አጠበቅሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አልተንሸራተተም። አግድም አፍ ያለው ብስክሌት የሚገዛ ሰው ይህችን ዕቃ ከብስክሌቱ ጋር አብሮ ይግዛ፤ ቁልፉም ምንጊዜም ከቦርሳው አይጥፋ፤ ጎማው ቢተነፍስ ያለ እርሱ ማውጣት አይቻልም።

ጎማው መንሸራተት ቢያቆምም ካቴናው አንድ ጊዜ እየላላ፣ አንድ ጊዜ እየከረረ ያስቸግረኝ ነበር። ይህን የፈቱልኝ የጎረቤቴ አባት ናቸው። ባሕር ዳር ብስክሌት ሲጠግኑ የኖሩ አዛውንት ሲሆኑ፣ ያን ጊዜ ልጃቸውን ለመጠየቅ በዚሁ ሜሪላንድ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ መጥተው ነበር። አንድ ቀን ከቤቴ ደጃፍ ብስክሌቱን ስጠርግ አይተው ቆሙና ካቴናውን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት።

‹‹ጋሼ፣ እንዴት አገኙት?›› አልኋቸው።

‹‹ብስክሌቱስ ደኅና ነው፣ ልጄ። ካቴናውን የወጠርኸው ግን ያለ ቦታው ነው።››

ብስክሌቱን ገልብጠው በመሪውና በመቀመጫው አቆሙትና ፔዳሉን በቀስታ ማዞር ጀመሩ። የታችኛው የካቴና መስመር ሲረግብና ሲከር በዓይን ይታይ ነበር። ‹‹የፊቱ ጥርስ ትንሽ ወደ አንድ ወገን አጋድሏል፤ ሁሉም እንዲህ ነው›› አሉ። ከዚያ የፊት ጥርሱን የያዙትን አምስቱን ብሎኖች ሳይፈቱ ላላ ብቻ አደረጓቸውና፣ ካቴናው በጣም የሚከርበት ቦታ ላይ ሲደርሱ በመዶሻው የእንጨት እጀታ ጥርሱን ሁለት ጊዜ ቀስ አድርገው መቱት። አዞሩት፤ አዩት፤ እንደገና አንድ ጊዜ መቱት። ብሎኖቹን ካጠበቁ በኋላ ጎማውን የወጠሩት ካቴናው ከሁሉ በላይ በሚከርበት ነጥብ ላይ ሆነው ነው፤ እዚያ ላይ በአውራ ጣት ሲጫን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከተነቃነቀ ይበቃዋል፤ ከዚያ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ከዚያ ከላላ ከጥርሱ ላይ ይዘላል። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እኔ ለሦስት ወር ካቴናው በሚላላበት ቦታ ላይ እየወጠርሁ፣ በሚከርበት ቦታ ላይ ኩሽኔታዬን ስፈጭ ነበር ማለት ነው።

ስለ ጎማው ደግሞ ይህን ልበል። ሲገዛ 38 ሚሊ ሜትር ከከለመዳሪያ ጋር ነበር፤ ቀዳዳ እንዳይበዛብኝ ፈርቼ እስከ 50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) እየነፋሁት በሥርና በድንጋይ ላይ እንደ ኳስ ያነጥረኝ ነበር። አሁን ያለው 40 ሚሊ ሜትር፣ ያለ ከለመዳሪያ፣ ውስጡ ቀዳዳን የሚደፍን ፈሳሽ ያለበት ነው፤ ክብደቴ 74 ኪሎ ስለሆነ ከፊት 32፣ ከኋላ 35 እነፋዋለሁ። ስፕሪንግ ለሌለው ብስክሌት ይህ የአየር ልክ ከመቀመጫም ከመሪም የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ሆኖም ብረቱ ምንም ያህል ልስላሴ አለው ቢባል፣ ሥር በበዛበት መንገድ ላይ ከሁለት ሰዓት በኋላ መዳፌ ይደነዝዛል። ይህን ፍሬሙም ጎማውም ሙሉ በሙሉ አላስቀረልኝም፤ ቀኑን ሙሉ በድንጋያማ መንገድ መንዳት የሚፈልግ ሰው ስፕሪንግ ያለው የተራራ ብስክሌት ይግዛ።

ፍሬኑ በቂ ነው። በሽቦ የሚሳብ ስለሆነ ሽቦው ሲላላ በእጅ ማጥበቅ ይቻላል፤ በዝናብም ይይዛል።

ጥገናን በተመለከተ ይህን ብስክሌት የሚወዳደረው እምብዛም የለም። አብሮኝ የሚነዳ ጓደኛዬ ባለፈው መከር አንድ ጭራሮ ማርሽ መቀየሪያው ውስጥ ገብቶ ክንዱን ጠምዝዞ ስለሰበረው፣ ብስክሌቱን ስድስት ኪሎ ሜትር እየገፋ ወጥቷል፤ ያው ጭራሮ በእኔ ካቴና ላይ ቢያርፍ ተሰብሮ ይወድቅ ነበር። ካቴናዬ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ወደ ጎን አይተሻሽም፤ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ በመለኪያ ስፈትሸው መቀየር የሚገባው ልክ ላይ ገና አልደረሰም። ከጭቃ በኋላ የማደርገው ነገር በጨርቅ መጥረግና ዘይት ጠብ ጠብ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ብስክሌቱ ጭቃ ቻለ ማለት መንገዱ ቻለ ማለት አይደለም። የሼፈር ፋርምስ ዓይነቱ የአፈር መንገድ ዝናብ ጠግቦ ሳለ ከተነዳበት የጎማው ቦይ ደርቆ ይቀራል፤ ውኃ ይከተለዋል፤ በበጎ ፈቃድ አካፋ ይዘው ቅዳሜያቸውን የሰጡ ሰዎች ድካም ከንቱ ይሆናል። ከዝናብ በኋላ አንድ ሁለት ቀን እታገሣለሁ፤ በብርዱ ወራትም ሌሊት በረዶ የሆነው አፈር ረፋድ ላይ ከመሟሟቱ በፊት ነድቼ እወጣለሁ።

ለማን አይሆንም የሚለውን በግልጽ መናገር አለብኝ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይራቀው፤ ዳገት ላይ የማቅለያ መንገድ ስለሌለ ጫናው በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ማርሽ ካላቸው ሰዎች ጋር በቡድን ለሚነዳም አይመችም፤ በሜዳ ይቀድሙታል፣ በዳገት ደግሞ እርሱ ጉልበቱ ሳይበርድ መውጣት ስላለበት ከፊቱ የሚያዘግሙትን ለማለፍ ይገደዳል፤ እኔ ራሴ በዚህ ምክንያት ከአንድ ቡድን ጋር መንዳት አቁሜያለሁ። አዲስ አበባ ያለው የእኅቴ ልጅም እንዲህ ዓይነት ብስክሌት እንድልክለት ጠይቆኝ ነበር። እንጦጦ ላይ ለመንዳት ካሰበ ይህን እንደማልመክረው ነግሬዋለሁ፤ የሜሪላንድ ዳገት በአሥር በሃያ እርግጫ ያልቃል፣ የእንጦጦ ዳገት ግን ረጅም ነው፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚደርስም ትንፋሽ ያጥራል፤ 38 በ18 እዚያ ቅጣት ነው። ማርሽ ያለው ይግዛ ወይም ከፊት 34፣ ከኋላ 20 አስገጥሞ በሜዳ ላይ ዝግታውን ይቀበል። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ከብስክሌቱ ላይ የወረዱት ባለ 42 የፊት ጥርስና ባለ 17 የኋላ ጥርስ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። አዛውንቱ በጥቅምት ወደ አገር ቤት ሊመለሱ ሲሰናበቱኝ ሁለቱንም አውጥቼ አሳየኋቸውና ይጠቅማቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የፊቱን አገላብጠው አዩና መለሱልኝ፤ የብሎኖቹ ቀዳዳ እዚያ ካሉት ብስክሌቶች ጋር እንደማይገጥም ነገሩኝ። የኋላውን ግን በጣታቸው አሽከረከሩት፤ ጆሯቸው አጠገብ ይዘው እስኪቆም ድረስ አዳመጡት። ‹‹ይኼኛው ይገባል፤ እኛ ጋ ሜዳ ነው›› አሉና በጋዜጣ ጠቅልለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።